ውል ያለው ዝምታ

ታንደር ቤይ፣ ጥር ወር ነው፤ ሐይቁ ድንጋይ ሆኗል፣
ማሞቂያው ከጥጉ እንደ ሽማግሌ ያስላል።
ሦስተኛ ረቂቅ ነው፣ ገጽ አራት፣ አንቀጽ ሁለት፣
«አገልግሎቱ ጥሩ ይሁን» ብለው የጻፉበት።
«ጥሩ» ማለት ስንት ነው? በምን ይሰፈራል?
ቁና የሌለው ቃል ለማን ይመሰክራል?

ራይሞ ተቀምጧል ከጠረጴዛው ማዶ፣
ከጫማው ይቀልጣል የመንገዱ በረዶ፤
የኩባንያው ሰው ነው፣ ቀልዱም ያስቃል፣
ቁጥር አምጣ ሲሉት ግን አማካይ ያወጣል።
«ሰማንያ ሚሊሰከንድ፣ በወር አማካይ» አለ፣
«ለሰሜኑ መስመር ከዚህ በላይ ምን አለ?»

አማካይን አውቀዋለሁ፦ በሐይቁ ግግር ላይ
ለሚነዳ ሹፌር «ውፍረቱ ደህና ነው፣ ንዳ» ባይ፤
አንድ ስስ ቦታ ላይ መኪናው ቢሰምጥም፣
አማካዩ ያው ነው፣ ቅንጣት አይለወጥም።

ቨርና በድምፅ ማጉያው ከሰሜን ትሰማለች፣
የጤና ጣቢያው ነርስ ነች፣ ብቻዋን ታድራለች፤
እስካሁን ዝም ብላ ስንከራከር ሰምታ፣
«አንድ ነገር ልበል» አለች ድምፅዋን አቅንታ፦

«ባለፈው ሚያዝያ ነው።
የሦስት ወር ሕፃን፣
ማዳመጫውን ደረቱ ላይ ይዣለሁ፣
ሐኪሙ እናንተ ከተማ ሆኖ የልቡን ምት ይሰማል።
ድም፣ ድም፣ ድም፣
ከዚያ ምንም።
ከዚያ ድም።
‹ሳተ› አለኝ ሐኪሙ፣ ‹ልቡ ሳተ እንዴ?›
በጣቴ የልጁን ክንድ ይዤ
‹አልሳተም› አልኩት፤ እርግጠኛ ግን አልነበርኩም።
የጎደለው ምት የልጁ ይሁን የመስመራችሁ
ማን ይንገረኝ?
አውሮፕላን ልጥራ ወይስ አልጥራ?»

ራይሞ ብዕሩን አስቀመጠ። መስኮቱን አየ።

ውል ማለት ስምምነት፣ ውል ደግሞ የክር ጫፍ፣
የተወሳሰበ ልቃቂት የሚፈታበት አፍ፤
«ጥሩ» የሚለውን ሰርዤ ጀመርኩ መጻፍ፦

«ከሺህ እሽግ አንድ ቢጠፋ ያን እንታገሥ፣
ሁለት ከጠፋ ግን ይመዝገብ፣ ይከሰስ፤
ልኬቱ በየአምስት ደቂቃ፣ በወር ድምር አይታለፍ፤
መድረሻውም ከመቶ ሃምሳ ሚሊሰከንድ አይለፍ፤
አንዱ ሲሮጥ አንዱ ሲያነክስ የምቱ ምጣኔ እንዳይፈርስ፣
የመዘግየታቸው ልዩነት ከሃያ ወዲያ አይድረስ፤
የልብ ምት የያዘ እሽግ ምልክት በግንባሩ፣
ፊልም የጫነው ይቁም፣ እሱ ይለፍ በበሩ።»

«ሁሉስ» አለ ራይሞ፣ «ግንባሩን ቢነቀስ?
ሁሉ ጌታ ሲሆን ማን ይያዝ ፈረስ?»
ጥያቄው ልክ ነበር፤ አንድ መስመር ጨመርኩ፣
ምልክት ላለውም ወሰኑን ሰፈርኩ፤
ከስፍሩ የተረፈ ተራውን ይጠብቅ፣
ቅድሚያ ስፍር ሲኖራት ነው ሳትረክስ የምትዘልቅ።

ስለ ካሳ ሲነሣ፣
«ስናጎድል ከወሩ ክፍያ አሥር በመቶ እንቀንሳለን» ሲል፣
ቨርና ሳቀች።
ሳቋ ተቆራርጦ ደረሰን፤
መሐሉ ላይ የጎደለው ሳቅ ይሁን ሌላ
ሦስታችንም አልጠየቅንም።

ከቀትር በኋላ ጓንቱን ሲያጠልቅ
«ልጁስ?» አለ ራይሞ፣ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ።
«ወንበር ይዞ ይቆማል» አለች። «ወንበሩንም ይነክሳል።»

የመጨረሻውን አንቀጽ ብቻዬን ጻፍኩት፣ መብራቱ ሊጠፋ ሲል፦
በየሰከንዱ አንድ ባዶ እሽግ ወደ ሰሜን ይላክ፣
ከተነሣበት ሰዓት በቀር ምንም ያልተሸከመ፤
ደርሶ ይመለስ።
ከቀረ፣ ዝም ያለው መስመሩ ነውና
ቨርና ፊት ቀይ መብራት ይብራ።
ያኔ ዝምታውም ውል ይኖረዋል፤
ማን እንደ ጠፋ ይታወቃል።
ቀዩ ሳይበራ ዝም ካለ ግን
ልቡ ነው፤
አውሮፕላኑን ጥሪ።